ከመዛወር በፊት የሚፈረም የቤት ብድር፦ በአሜሪካ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት የሚዛወር ሙስሊም ጥያቄ በፊቅህ ሚዛን

መግቢያ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

በሰሜን አሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ደጋግመው ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ይህን መልክ ይይዛል። ጠያቂው ቤተሰቡን ይዞ በቨርጂኒያ ይኖራል። በኦሃዮ የተሻለ ሥራ አግኝቷል፤ የልጆቹ ትምህርት ከመጀመሩ በፊትም መዛወር ይፈልጋል። የቤት አሻሻጩ፣ «እዚህ ሥራ ላይ ሳለህ ብድሩን ጨርስ፤ ከሄድክ በኋላ ይከብድሃል» ብሎ መክሮታል። ባንኩ የመጀመሪያ ማረጋገጫ ሰጥቶታል፤ ለመፈረም የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው። በዚህ መካከል ቁርኣን ላስቀሩት ሸይኽ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይደውልና፣ «ሸይኻችን፣ ይፈቀድልኛልን?» ይላል።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ፈጣን መልሶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንዱ መላሽ «ሪባ ነው፤ ሐራም ነው» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ሌላው «በሰው አገር ዶሩራ ነው፤ ፈርም» ይላል። የመጀመሪያው በመሠረቱ ትክክል ቢሆንም ጠያቂውን መውጫ ሳያሳየው ይተወዋል። ሁለተኛው የሸሪዓን ቃል ያለ ሚዛኑ ይጠቀምበታል። ሁለቱ የሚጋሩት ጉድለት ውሉን ሳይመለከቱ መፍረዳቸው ነው። ዑለማኦቻችን ስለ አንድ ነገር የሚሰጥ ብያኔ ነገሩን በትክክል ከማወቅ የሚወለድ መሆኑን አስተምረውናል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም እንገልጻለን፤ ቀጥሎ ብያኔውን፣ ተተኪ ውሎችን፣ ስለ ቀብድና ስላልታየ ቤት የተነገረውን፣ እንዲሁም በሰነድ ላይ የሚጠየቀውን እውነተኝነት እናያለን። በመጨረሻም ኢማሙ ወይም መምህሩ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ነጥቦች እናቀርባለን።

1. ነገሩ እንዴት ይፈጸማል?

በአሜሪካ ሞርጌጅ የሚባለው የቤት ብድር ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው ከወለድ ጋር የሚመለስ የገንዘብ ብድር ነው። ሁለተኛው ቤቱን ለዚያ ብድር መያዣ የሚያደርግ ሰነድ ነው። ባንኩ ቤቱን አይገዛም፤ አይሸጥምም። ገንዘብ ያበድራል፤ ገንዘብን ከጭማሪ ጋር ይቀበላል። መያዣ (ረህን) በራሱ የተፈቀደ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዱቤ ለገዙት ገብስ ጥሩራቸውን በአንድ አይሁዳዊ ዘንድ ማስያዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ነውሩ ያለው በብድሩ ላይ በተጣለው ጭማሪ ነው።

የጭማሪውን ስፋት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ሰው 300,000 ዶላር ለሚያወጣ ቤት 30,000 ዶላር ከራሱ ከፍሎ የቀረውን 270,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ቢበደር፣ በየወሩ ወደ 1,707 ዶላር ይከፍላል። በመጨረሻ የከፈለው ድምር 614,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 344,000 ያህሉ ወለድ ነው፤ ከተበደረው ገንዘብ ይበልጣል። በዚህ ላይ ቅድመ ክፍያው ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አበዳሪውን ከኪሳራ የሚጠብቅ የኢንሹራንስ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ይታከልበታል።

አሁን ወደ ተዛዋሪው ልዩ ሁኔታ እንምጣ። አበዳሪው የሚመዝነው ተበዳሪው ዛሬ የሚያገኘውን ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ከተዛወረ በኋላ የሚቀጥለውን ገቢ ነው። ስለዚህ በቨርጂኒያ ያለው ሥራ በኦሃዮ ለሚገዛው ቤት ዋስትና አይሆንም፤ አሠሪው ሠራተኛው ከሌላ ክፍለ ግዛት ሆኖ እንዲሠራ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር። ገና ያልተጀመረ ሥራም በቅጥር ደብዳቤ ሊያዝ ይችላል። ብዙ ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፋኒ ሜ የተባለው ተቋም በሚከተለው መመሪያ መሠረት፣ ሥራው የሚጀመርበት ቀን ብድሩ ከሚፈረምበት ቀን በኋላ ከ90 ቀን መብለጥ የለበትም። አበዳሪው ከመፈረሙ በፊት በነበሩት 10 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ አሠሪው ደውሎ ሥራው መኖሩን ያረጋግጣል። በታክሲና በመሰል የግል ሥራ የሚተዳደር ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የ2 ዓመት የግብር ሰነድ ይጠየቃል፤ ከተማ ሲለውጥ ደንበኞቹን ስለሚተው ገቢው ይቀጥላል ብሎ ማሳመን ይቸግረዋል።

ከዚህም ሌላ አበዳሪ ድርጅቶችና የብድር ሠራተኞቻቸው የሚሠሩት በየክፍለ ግዛቱ በሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ በአንዱ የተፈቀደለት በሌላው ላይፈቀድለት ይችላል። ቤቱ መኖሪያ ተብሎ የሚገዛ ከሆነ ገዥው በተለመደው ውል መሠረት በ60 ቀን ውስጥ ሊገባበትና ቢያንስ ለ1 ዓመት ሊኖርበት ይገደዳል። ሕጉም ለተበዳሪው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል፦ ማመልከቻ ባቀረበ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ የወጪ ግምት ሊደርሰው ይገባል፤ የመጨረሻው ዝርዝርም ከመፈረሙ ቢያንስ ከ3 የሥራ ቀናት በፊት በእጁ ሊገባ ይገባል። ጠያቂው ወደ ዓሊም ሲመጣ እነዚህን ወረቀቶች ይዞ እንዲመጣ ማዘዝ የተገባ ነው።

2. መሠረታዊው ብያኔ

የሪባ ክልከላ በቁርኣን፣ በሐዲሥና በዑለማእ ስምምነት የጸና ነው። በሱረቱል በቀራ ከአንቀጽ 275 እስከ 279 ያለው ቃል ሽያጭና ሪባ አንድ አለመሆናቸውን፣ አማኞች ከሪባ የቀረውን እንዲተው መታዘዛቸውን፣ ለማይተውም የተነገረውን ብርቱ ማስጠንቀቂያ ይዟል። ጃቢር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና በሶሒሕ ሙስሊም የሚገኘው ሐዲሥ እርግማኑን በተቀባዩ ላይ ብቻ አልገደበም፤ ከፋዩን፣ ጸሐፊውንና ምስክሮቹንም አካትቷል። ስለዚህ «እኔ ከፋይ እንጂ በላተኛ አይደለሁም» የሚለው ምክንያት አያቆምም።

በዘመናችንም የጋራ ኢጅቲሃድ ጉባኤዎች ይህንኑ አጽንተዋል። የአል-አዝሀር የእስላማዊ ምርምር አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የዓለም አቀፉ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1985 የባንክ ወለድ ሪባ መሆኑን ወስነዋል። ይኸው የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ቤት ግዥ ለይቶ ባወጣው ውሳኔ ከቤት ባንኮች በወለድ መበደር የተከለከለ መሆኑን ገልጾ ተተኪ መንገዶችን ዘርዝሯል። የእኛ ጥያቄ እንግዲህ ሞርጌጅ ሪባ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሳይሆን፣ ከዚህ ክልከላ የሚያወጣ በቂ ምክንያት ተዛዋሪው አለው ወይ የሚለው ነው።

3. «ዶሩራ ነው» የሚለው ክርክር

በዚህ በኩል በብዛት የሚጠቀሰው የአውሮፓ የፈትዋና የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 በዳብሊን ባካሄደው አራተኛ ጉባኤው የሰጠው ፈትዋ ነው። ምክር ቤቱ በምዕራብ አገሮች የሚኖር ሙስሊም መኖሪያ ቤት በወለድ ብድር ቢገዛ በአንዳንድ ሁኔታዎች ክልክል እንዳይሆንበት አመልክቷል። በሁለት መሠረቶች ላይ ቆሟል። አንደኛው፣ አጠቃላይ ችግር (ሓጃ) የዶሩራን ስፍራ ሊይዝ ይችላል የሚለው መርሕ ነው፤ ይህ መርሕ በሱዩጢም ሆነ በኢብን ኑጀይም የአል-አሽባህ ወን-ነዟኢር ኪታቦች ተጠቅሶ ይገኛል። ሁለተኛው፣ ከእስላም አገር ውጭ ስለሚደረጉ ውሎች አቡ ሐኒፋና ሙሐመድ ኢብን አል-ሐሰን የያዙት አቋም ነው።

ሁለተኛውን መሠረት አስቀድመን እንመልከት። አቡ ዩሱፍና አብዛኞቹ ዑለማእ ይህን የአቡ ሐኒፋ አቋም አልተቀበሉትም። ነወዊም በመጅሙዕ በሪባ ክልከላ ረገድ በእስላም አገርና በሌላው መካከል ልዩነት እንደሌለ አስፍረዋል። በአገራችን አብዛኛው ሙስሊም የሚከተለው መዝሀብ ይህ ነው። በሐነፊዮች ዘንድም ቢሆን ኢብን አል-ሁማም ፈቃዱ የሚያገለግለው ጭማሪውን የሚያገኘው ሙስሊሙ ሲሆን እንደሆነ አመልክተዋል፤ ኢብን ዓቢዲንም ይህንኑ አስተላልፈዋል። በሞርጌጅ ግን ሙስሊሙ ጭማሪውን ከፋይ ነው። ስለዚህ አቋሙ በራሱ ቤት ውስጥ እንኳ ለዚህ ጉዳይ አይበቃም።

የመጀመሪያው መሠረት ክብደት አለው፤ ልናቃልለው አይገባም። ቤት ከሰው መሠረታዊ ፍላጎቶች አንዱ ነው። ሆኖም ምክር ቤቱ ራሱ ፈትዋውን በገደቦች አጥሮታል፦ ቤቱ ለገዥውና ለቤተሰቡ መኖሪያ ሊሆን ይገባል፤ የሚበቃው ሌላ ቤት ሊኖረው አይገባም፤ በሌላ መንገድ ለመግዛት የሚያስችል ትርፍ ሀብትም ሊኖረው አይገባም። የአሜሪካ የሸሪዓ ሊቃውንት ጉባኤን ጨምሮ ብዙዎች ከዚህም በላይ ጠንክረው፣ ኪራይ እስካለ ድረስ የወለድ ብድር ያለ እውነተኛ ዶሩራ አይፈቀድም ብለዋል።

እነዚህን ገደቦች በተዛዋሪው ላይ ብናሳርፍ የምናገኘው ይህን ነው። ተዛዋሪው በቀድሞ ከተማው ቤት ካለውና እሱን አከራይቶ ሁለተኛ ለመግዛት ካሰበ፣ በፈቀዱት ዑለማእ ገደብ እንኳ አይገባም። ቤት የሌለውም ቢሆን ገና ያልሄደበት ከተማ ውስጥ ችግር ደርሶብኛል ሊል አይችልም። በኪራይ ልግባ ብሎ አልሞከረም፤ ሥራው ይስማማው እንደሆነ አላወቀም፤ ሰፈሩን፣ መስጂዱን፣ ትምህርት ቤቱን አላየም። ሓጃ የሚረጋገጠው ሌሎች በሮች ተንኳኩተው ሲዘጉ ነው፤ ከመዛወር በፊት ግን በሮቹ ገና አልተንኳኩም። በዚህም ምክንያት፣ የምክር ቤቱን ፈትዋ የሚከተል ሰው እንኳ ይህን ፈትዋ ለቅድመ-ዝውውር ብድር መጥቀሱ ከቦታው ማውጣት ነው ብለን እናምናለን።

ይህ ማለት ግን ልዩ ሁኔታ ፈጽሞ አይገኝም ማለት አይደለም። ብዙ ልጆች ያሉት፣ ወይም አካል ጉዳተኛ የቤተሰብ አባል የሚያስተዳድርና በሚሄድበት ስፍራ የሚመች የኪራይ ቤት ፈልጎ ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል። የእሱ ጉዳይ በአካል ተሰምቶ ለእሱ ብቻ የሚመለስ ነው፤ መልሱም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

4. ተተኪ ውሎች

በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን የሚመለከት መመሪያ ካወጣ ወዲህ፣ በተለይም ዘምዘም ባንክና ሒጅራ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ መምህራኖቻችን ሙራበሓ፣ ኢጃራና ሙሻረካ ከሚሉት ስሞች ጋር ተዋውቀዋል። በአሜሪካም እነዚህ ስሞች አሉ። የብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 በኢጃራ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በሙራበሓ መልክ የሚደረግ የቤት ፋይናንስ ለባንኮች የተፈቀደ መሆኑን በጽሑፍ አሳውቋል። ስሙ መመሳሰሉ ግን ውሉ መመሳሰሉን አያረጋግጥም፤ እያንዳንዱን መመርመር ያስፈልጋል።

በሙራበሓ ድርጅቱ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። ሚዛኑ ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ.) የተነገራቸው ክልከላ ነው፤ ሰው ያልያዘውን አይሸጥም። ድርጅቱ ቤቱን በእርግጥ ገዝቶ፣ ለቅጽበት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊነቱን ተሸክሞ ነበርን? ወይስ ገንዘቡን ብቻ ለሻጩ ልኮ ነው? ይህ መጠየቅ አለበት። በሜሪላንድ እንዳለው ያለ የንብረት ማስተላለፊያ ግብር በሚከፈልበት ክፍለ ግዛት ድርብ ሽያጩ ወጪ ሊያስከትል ይችላል፤ ቴክሳስን በመሰለው፣ እንዲህ ያለ ግብር በሌለበት ክፍለ ግዛት፣ ይህ ጭንቀት አይነሣም። ለተዛዋሪ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። በሙራበሓ ጠቅላላው ዋጋ በፊርማው ዕለት ዕዳ ይሆናል። ሰውየው ከ3 ዓመት በኋላ እንደገና ቢዛወርና ቤቱን ቢሸጥ፣ ያልደረሰው ትርፍ ይቀነስልኝ ማለቱ አይቀርም። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1992 እንዲህ ያለው ቅናሽ በቅድሚያ ያልተስማሙበት ከሆነ የተፈቀደ መሆኑን ወስኗል። ደንበኛው እንግዲህ ቅናሹን በድርጅቱ በጎ ፈቃድ እንጂ በመብት እንደማይጠይቀው ቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

በኢጃራ ድርጅቱ የቤቱ ባለቤት ሆኖ ይቆያል፤ ደንበኛው ይከራያል፤ በመጨረሻ ቤቱን የማስተላለፍ ቃል በተለየ ሰነድ ይገባለታል። ሚዛኑ ቤቱ ቢቃጠል ወይም መሠረቱ ቢሰነጠቅ ጉዳቱ በማን ላይ ነው የሚለው ነው። የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅት በ9ኛው መስፈርቱ ዋና ጥገናን በአከራዩ ላይ አድርጓል። ሁሉንም ነገር በተከራዩ ላይ የጫነ ውል የኪራይ ስም የያዘ ብድር እንዳይሆን ያሠጋል።

በተቀናሽ ሙሻረካ ሁለቱ ወገኖች ቤቱን በጋራ ይገዛሉ። በፊተኛው ምሳሌያችን ደንበኛው 10 በመቶ፣ ድርጅቱ 90 በመቶ ይይዛል፤ ደንበኛው በየወሩ የድርጅቱን ድርሻ ጥቂት በጥቂት እየገዛ፣ ለቀረው ድርሻ ኪራይ ይከፍላል። ለሚዘዋወር ሰው ይህ በሐሳብ ደረጃ የተሻለ ነው፤ ሲሄድ ድርሻውን ሸጦ ይወጣልና። ነገር ግን መጠየቅ ያለበት አለ። ቤቱ ከተገዛበት በታች ቢሸጥ ድርጅቱ ኪሳራውን በድርሻው ልክ ይጋራልን? የዘገየ ክፍያ ቅጣት ለድርጅቱ ትርፍ ይገባል ወይስ ለምጽዋት ይውላል? ውሉ ለሦስተኛ ወገን ሲሸጥ የሚሸጠው የቤቱ ድርሻ ነው ወይስ ዕዳው ብቻ?

በእነዚህ ውሎች ላይ ሁለት ነገሮች ሕዝቡን ያደናግራሉ። አንዱ ወርኃዊ ክፍያው ከሞርጌጁ ጋር መቀራረቡ ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሐላል ነጋዴ ዋጋውን ከገበያው ጋር ሊያስተያይ ይችላል። ሁለተኛው ለግብር መሥሪያ ቤት በሚላከው ቅጽ ላይ ትርፉ «ወለድ» ተብሎ መጻፉ ነው። ቅጹ የተሰናዳው ለተለመደው ብድር ስለሆነ የቃሉ መኖር ብቻውን ውሉን አያበላሽም፤ የውሉ ይዘት ግን ከቅጹ ጋር የሚስማማ ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው።

ተዛዋሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ግን ቀላል ጥያቄ ነው፦ ድርጅቱ በምሄድበት ክፍለ ግዛት ይሠራልን? በአንዱ ክፍለ ግዛት ሐላል አማራጭ የነበረው ሰው በሌላው ላያገኝ ይችላል። ይህን ከመዛወር ውሳኔ በፊት ማጣራት ከዲን ጉዳይ የሚቆጠር ነው እንላለን።

5. ያልታየ ቤትና ቀብድ

ከሩቅ ሆኖ ቤት መግዛት ሌላ የፊቅህ በር ይከፍታል። ገዥው ቤቱን በስልክ ምስል ብቻ አይቶ ሊሆን ይችላል። በሻፊዒይ መዝሀብ በዐደሱ ቀውል ያልታየ ነገር ሽያጭ አይጸናም። በሐነፊዮች ዘንድ ይጸናል፤ ገዥው ሲያየው የማጽናት ወይም የመተው ምርጫ አለው። ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች በበቂ መግለጫ ይፈቅዱታል። ከዚህ ልዩነት የሚያወጣው ቀጥተኛ መንገድ ውክልና (ወካላ) ነው፤ በዚያ ከተማ የሚኖር የታመነ ወንድም ቤቱን ገዥውን ወክሎ ቢያየውና ቢዋዋል ማየቱ ለወካዩ ይበቃል። ደግሞም ምስል የማያሳየውን ያሳያል፤ የምድር ቤቱን እርጥበት፣ የጎረቤቱን ጠባይ፣ እስከ መስጂድ ያለውን መንገድ።

ቀብድ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ከ1 እስከ 3 በመቶ ይሆናል። አብዛኞቹ ፉቀሃእ ገዥው ሲተው ለሻጩ የሚቀር ቀብድን (ዑርቡን) አልፈቀዱም። ኢማም አሕመድ ግን ናፊዕ ኢብን ዐብዱል ሓሪሥ በመካ ለዑመር (ረ.ዐ.) እስር ቤት የሚሆን ቤት ከሶፍዋን ኢብን ኡመያ በገዙበት ወሬ ተመርኩዘው ፈቅደዋል። የፊቅህ አካዳሚውም እ.ኤ.አ. በ1993 የመጠበቂያው ጊዜ የተወሰነ እስከሆነ ድረስ ቀብድን ተቀብሏል። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ ጠያቂውን ማጥበብ አይገባም። በቴክሳስ የተለመደው ውል ገዥው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት የመተው መብት ይሰጠዋል፤ ሽያጩ ሲፈጸምም ገንዘቡ በዋጋው ላይ ይታሰባል። ይህ ከዑርቡን ጋር የሚቀራረብ ነው።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። አዲሱ አሠሪ የቅጥር ደብዳቤውን ቢያነሣ ፋይናንሱ ይፈርሳል። ውሉ «ፋይናንስ ካልተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ሐረግ ከሌለው በ300,000 ዶላር ቤት ላይ የተከፈለ 2 በመቶ፣ ማለትም 6,000 ዶላር፣ ሊቀር ይችላል። ቤቱን የሚያስመረምርበትና የሚያስገምትበት መብትም ሊጻፍለት ይገባል። ቤቱ ሌላ ገዥ እንዳይቀድመው ብሎ እነዚህን ሐረጎች የሚሰርዝ ተዛዋሪ የቤተሰቡን ገንዘብ ለጥፋት ያጋልጣል፤ ገንዘብን ማባከን ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጠሏቸው ነገሮች አንዱ ነው።

6. በሰነድ ላይ እውነተኝነት

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ሪባ ነው። ነገር ግን በሐላል ድርጅት በኩል የሚገዛውም ሰው ሊወድቅበት የሚችል ሌላ ኃጢአት አለ፤ እሱም ሐሰት ነው። በመስጂዶቻችን ስለዚህ ሲነገር ብዙ አንሰማም።

የመጀመሪያው ሐሰት የመኖሪያ ቃል ነው። ለመኖሪያ የሚሰጠው ውል ለኪራይ ከሚሰጠው ስለሚረክስ፣ አንዳንዱ ሊኖርበት ሳያስብ «እኖርበታለሁ» ብሎ ይፈርማል። ሁለተኛው የሥራ ሐሰት ነው። በመግቢያችን የጠቀስነው ምክር፣ «እዚህ ሥራ ላይ ሳለህ ጨርስ» የሚለው፣ ሥራውን ሊለቅ የቆረጠ ሰው እንደሚቀጥል አስመስሎ እንዲፈርም የሚያደርግ ነው። ሦስተኛው የስጦታ ሐሰት ነው። አበዳሪዎች የ2 ወር የባንክ መግለጫ አይተው የገባውን ትልቅ ገንዘብ ምንጭ ይጠይቃሉ። ዘመድ ያበደረውን ገንዘብ «የማይመለስ ስጦታ ነው» የሚል ደብዳቤ ይጻፍለታል። በዚህ ላይ ሦስት ሰዎች ይበደላሉ፦ አበዳሪው ይታለላል፤ ዘመዱ በሐሰት ይመሰክራል፤ ተበዳሪው ቢሞት ወራሾቹ ደብዳቤውን አሳይተው ዕዳውን ሊክዱ ይችላሉ። አላህ በበቀራ አንቀጽ 282 ዕዳ እንዲጻፍ ያዘዘበት ጥበብ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለአበዳሪ ተቋም እያወቁ ሐሰት መናገር እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። ሙስሊም ግን ከሕጉ አስቀድሞ ቃሉ ያስረዋል። ተዋዋዩ ሙስሊም አለመሆኑ ማታለልን አይፈቅድም፤ በሒጅራ ሌሊት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያሳድዷቸው የነበሩትን ሰዎች አደራ ለባለቤቶቹ እንዲመልሱ ዐሊይን (ረ.ዐ.) በመካ ማስቀረታቸውን ለደረሶቻችን የምናስተምረው ለዚህ ነው።

7. ኪራይና እቁብ

እንግዲህ ተዛዋሪው ምን ያድርግ? በእኛ አስተያየት ቀዳሚው ምክር ለ6 ወር ወይም ለ1 ዓመት ተከራይቶ መግባት ነው። ኪራይ በሸሪዓ ያለ ጥርጥር ሐላል ነው፤ «የባከነ ገንዘብ» የሚለው አነጋገርም በተጠቀሙበት መኖሪያ ላይ ሊነገር አይገባም። በዚያ ጊዜ ሥራው ይረጋገጣል፤ ከተማው ይታወቃል፤ በስፍራው የሚሠራ ሐላል አማራጭ ይፈለጋል፤ ቅድመ ክፍያውም ይደረጃል።

ቅድመ ክፍያውን ለማደርጀት ወገኖቻችን ይዘውት የሄዱት እቁብ ትልቅ መሣሪያ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ቀልዩቢ በሓሺያቸው በሴቶች ዘንድ ስለሚደረግ ተመሳሳይ የመዋጮ ማኅበር ወሊዩዲን አል-ዒራቂ መፍቀዳቸውን አስተላልፈዋል። ይሁን እንጂ ሊዛወር ያሰበ ሰው ዕጣውን ቀድሞ ወስዶ ከተማውን ቢለቅ የቀሩት አባላት ዕዳ እንዳይጠፋ ያሠጋል። ስለዚህ የመዛወር ሐሳቡን ለማኅበሩ አሳውቆ ዋስ ሊጠራ፣ ወይም ዕጣውን በመጨረሻ ሊወስድ ይገባል። የሚወስደው ገንዘብ ከእቁብ መሆኑንም በአባላቱ ፊርማ በተረጋገጠ ወረቀት ለፋይናንስ ድርጅቱ ማስረዳት ይኖርበታል፤ ቀሪ መዋጮ ካለበትም እንደ ዕዳ ይግለጸው።

8. መልስ ከመስጠት በፊት

ኢማሞችና መምህራን ይህን ጥያቄ ሲቀበሉ የሚከተሉትን እንዲጠይቁ እናሳስባለን።

ሀ. የምትፈርመው ውል የገንዘብ ብድር ነው ወይስ የቤት ሽያጭ፣ ኪራይ ወይም ሽርክና? ሰነዱን ላክልኝ።

ለ. ሌላ ቤት አለህን? የቀድሞውን ምን ልታደርገው አስበሃል?

ሐ. በምትሄድበት ከተማ ኪራይ ፈልገሃልን? ምን ከለከለህ?

መ. በዚያ ክፍለ ግዛት የሚሠራ ከወለድ ነፃ ድርጅት መኖሩን አጣርተሃልን?

ሠ. ሥራህ በጽሑፍ ተረጋግጧልን? ቢቀር ዕዳውን በምን ትከፍላለህ?

ረ. በማመልከቻው ላይ የጻፍከው ሁሉ እውነት ነውን?

ሰ. ቀብዱ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ውሉ ይናገራልን?

ከእነዚህ መልሶች በኋላ የሚሰጠው ፈትዋ ጠያቂውን የሚያውቅ ፈትዋ ይሆናል። ዓሊሙ የአሜሪካን ውል የማያነብ ከሆነ ውሉን የሚያነብ ዓሊም በዚያው ስፍራ ፈልጎ ማሳለፉ ከዕውቀቱ እንጂ ከድካሙ አይቆጠርም።

አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንዱ የሚደውለው ከፈረመ በኋላ ነው። እሱን ከጀመዓው ማራቅ ወይም በሕዝብ ፊት ማሳፈር የሸሪዓ መንገድ አይደለም። ተውበት በሩ ክፍት ነው። ቤተሰቡን ጎዳና ላይ የሚጥል እርምጃም አይታዘዝም፤ ይልቁንም ውሉን ወደ ሐላል ውል ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይመርምር፣ ካልተቻለም ዋናውን ዕዳ በቶሎ በመክፈል የወለዱን ዘመን ያሳጥር፣ ዳግመኛም እንዳይገባበት ይቁረጥ።

መደምደሚያ

የወለድ ብድር ለሚዛወር ሰው የሚጸናበት ክልከላ ለሌላው ከሚጸናበት አይቀልም፤ እንዲያውም ችግሩ ገና ያልተረጋገጠ በመሆኑ ምክንያቱ ደካማ ነው። ሐላል ውል በሚገኝበት ክፍለ ግዛት ውሉን መርምሮ መግባት ይቻላል። በማይገኝበት ኪራይ ሰፊ በር ነው። በሁሉም መንገድ ላይ ግን እውነት መናገር ግዴታ ነው። ጠያቂው ስልኩን ሲዘጋ «አይቻልም» የሚለውን ቃል ብቻ ሳይሆን ነገ ጠዋት የሚጀምረውን ሥራም ይዞ ይሂድ። አላህ የበለጠ ያውቃል።